በሽታን በፍጥነት ስለሚመረምር መሣሪያ

ከጥቂት ደም ውስጥ የተሐዋስያንን የዘር ምልክት፣ ይኸውም ዲ ኤን ኤ የሚባለውን፣ ፈልጎ ወዲያው የሚያስታውቅ መሣሪያ ሊቃውንት እየሠሩ ነው። ምልክቱንም የሚያነብላቸው ከብዙ ምሳሌ የተማረ ኮምፒዩተር ነው። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ተማሪ ያላየውን ሊያውቅ አይችልም።

ለዚህም የወባው ነገር ምስክር ይሆነናል። ፈጣኑ መመርመሪያ ፋልሲፓረም የተባለውን ወባ የሚያውቀው ኤች አር ፒ 2 በሚሉት ፕሮቲን ነበር። በ2010 ዓ. ም. በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ በተደረገው ጥናት ግን ፕሮቲኑን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው ተሐዋስያን ተገኙ፤ መመርመሪያውም ሳያያቸው ያልፋል። ወባ ያለበትን ሰው «የለብህም» ብሎ ከማሰናበት የከፋ ምን ስሕተት አለ?

ስለዚህ የጤና ሹማምንት አዲሱን መሣሪያ ከመግዛታቸው አስቀድሞ ኮምፒዩተሩ ከየትኛው አገር ደም እንደ ተማረ ይጠይቁ። የጎንደርና የጋምቤላ ናሙና እስኪጨመርበት ድረስም አሮጌው ማይክሮስኮፕ ከጠረጴዛው አይነሣ።