ስም የሚጠራ ጌም ለጓደኛ አይጋበዝም



ክረምት በገባ ቁጥር ኢንቦክሴን የሚሞላው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ቲቸር፣ እስቲ ጌም ጋብዘኝ።» ጌም እንደምወድ ታውቃላችሁ። ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብቼም አልተውኩም፣ የመተው ሐሳብም የለኝም። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ ዘንድሮ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዝርዝሩ በፊት ግን አቋሜን ልናገር። ጌም መጋበዝ ፊልም እንደ መጋበዝ አይደለም። ፊልም ቢያስጠላ የሚጠፋው ሁለት ሰዓት ነው። ጌም የጋበዛችሁት ሰው ግን ወራቱን ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ ስንጋብዝ እንምረጥ። የእኔ መምረጫ አንድ ናት፦ ስም የሚጠራ ጌም ለጓደኛ አይጋበዝም።

ስም መጥራት ስል ምን ማለቴ ነው? እኛ መምህራን ጠዋት ስም እንጠራለን። የቀረ ይመዘገባል፣ ከተደጋገመ ወላጅ ይጠራል። ትምህርት ቤት ነዋ፣ ምክንያት አለው። ጌም ግን ምን ቤት ነው ስም የሚጠራው? ስልካችሁን ክፈቱና እዩ። በየቀኑ ለገባ ስጦታ አለ። በሰባተኛው ቀን ትልቁ ሳጥን ይከፈታል። አንድ ቀን ከዘለላችሁ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። የሲዝን ፓስ የሚባለውም ያው ነው፦ ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ይቆያል፣ በጊዜው ካልጨረሳችሁ ሽልማቱ ያልፋችኋል፣ ከፍላችሁበትም ቢሆን። እንዲህ ያለው ጌም «ኑ እንጫወት» አይልም። «ብትቀሩ ታጣላችሁ» ነው የሚለው። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ።

አንዱ ጎበዝ ተማሪዬ ስልክ ይዞ ገብቶ ተያዘበት። በእረፍት ሰዓት መጣና ለመነኝ። ቤተሰብ ይደውላል ሊል ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ቲቸር፣ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ስጠኝና መልሰህ ውሰደው፣ ዛሬ ካልገባሁ የሃያ ስድስት ቀኑ ይጠፋብኛል» አለኝ። ልብ በሉ፣ ልጁ ልጫወት አላለም። ልግባ ብቻ ነው ያለው። የለመነኝ ደስ የሚለውን ነገር ሊያደርግ ሳይሆን ቀሪ እንዳይባል ነው። ይሄ ጨዋታ ነው? ጨዋታማ ሲደክማችሁ ትታችሁት የምትሄዱት፣ ሲያምራችሁ የምትመለሱበት ነገር ነው። ገበጣ ማንንም «ትናንት የት ነበርክ?» ብሎ አያውቅም።

ወላጆችም ይህን ስለምታነቡ አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የጌም ሱስ እንደ አንድ ሕመም ገብቷል። መለኪያው ግን የሰዓት ብዛት አይደለም። ሰውየው ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከሌላው የኑሮው ጉዳይ ሁሉ ሲቀድምበት፣ እየጎዳው እንኳ ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሙሉ የተጫወተ ልጅ ሁሉ ሱሰኛ ነው ማለት አይደለም። እኔ የሚያሳስበኝ «መቼ ልጫወት» የሚለውን ውሳኔ ከልጁ እጅ ወስዶ ለስልኩ የሚሰጠው ጌም ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ብዙዎቻችን ጌም የለመድነው ሰፈር ውስጥ ባለ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ፔስ፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ የተሸነፈ ይነሳል፣ አለቀ። ዛሬስ? ፊፋ ይባል በነበረው ጌም ላይ ከ2009 ጀምሮ አልቲሜት ቲም የሚባል አለ። ተጫዋች የምታገኙበት አንዱ መንገድ ፓክ መክፈት ነው፣ ከውስጡ ሜሲ ይውጣ ተጠባባቂ በረኛ ይውጣ ሳትከፍቱ አታውቁም። ቤልጅየም በ2018 በገንዘብ የሚገዙ እንዲህ ዓይነት ሳጥኖች የቁማር ሕጌን ይጥሳሉ አለች፣ ኢኤም በ2019 መጀመሪያ ላይ እዚያ አገር የፊፋ ፖይንት መሸጥ አቆመ። የምንወደው ፔስም በ2021 ስሙን ወደ ኢፉትቦል ቀይሮ በነጻ የሚወርድ፣ ውስጡ ግን ሱቅ ያለበት ጌም ሆኗል። በየመንደሩ የውርርድ ቤት በበዛበት ዘመን፣ ገና በ13 ዓመቱ «ምን እንደሚወጣ ሳላውቅ ልክፈል» ብሎ የለመደ ልጅ ነገ የት እንደሚሄድ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

«እኔ እኮ ሳንቲም አልከፍልም» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እሺ። ግን የከፈለው ሰው ያንን የሚያብለጨልጭ ልብስ ለማን ሊያሳይ ነው የገዛው? ለእናንተ። በማን ላይ ሊያሸንፍ ነው? በእናንተ። ያልከፈለው ተጫዋች የገበያው ሕዝብ ነው፣ ሕዝብ የሌለበት ገበያ ደግሞ ይዘጋል። በብር ባትከፍሉ በጊዜያችሁ ትከፍላላችሁ።

ስለዚህ አንድ ጌም ከመጋበዛችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንድ፦ ያልቃል? ታሪኩ ወይም ቢያንስ አንዱ ዙር መጨረሻ አለው? ሁለት፦ አንዴ ከተገዛ በኋላ እንደገና እጁን ይዘረጋል? ሦስት፦ ሳምንት ብጠፋ ይቀጣኛል? እነዚህን አልፈው እኔ ዘንድ የቀሩትን ልዘርዝርላችሁ። አብዛኞቹ ደካማ ላፕቶፕ ላይም ይሠራሉ፣ ኔት ሲጠፋም አይቆሙም።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2። በ1999 የወጣ ሽማግሌ ነው፣ ግን እስከ ዛሬ ሰው አይለየውም። መንደር ትመሠርታላችሁ፣ እህል፣ እንጨት፣ ወርቅና ድንጋይ ትሰበስባላችሁ፣ ጦር ታሰለጥናላችሁ። አንዱ ግጥሚያ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ከዚያ ያልቃል። በ2015 በወጣው የአፍሪካ መንግሥታት ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያን ገብተውበታል። ቀስተኞቻቸው ከሌላው ፈጥነው ይወረውራሉ፣ ሾተል የያዘ ተዋጊም አላቸው። የዮዲት ዘመቻም አለው። የሚገርመው፣ በእኛ ትውፊት አክሱምን ያጠፋችው ዮዲት እዚህ የእናንተ ጀግና ናት፣ በእሷ ወገን ሆናችሁ ነው የምትዋጉት። እንደ ታሪክ መጽሐፍ አትውሰዱት። ከተጫወታችሁ በኋላ ግን «ታሪክን የሚጽፈው ማን ነው?» ብላችሁ ከታሪክ መምህራችሁ ጋር ተከራከሩ። ለጀማሪ አንድ ምክር፦ ጦር ለማብዛት አትቸኩሉ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ገበሬ ማፍራት እንዳታቆሙ። የሚሸነፈው አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው ጦርነቱ ሳይጀመር ነው።

ስታርዲው ቫሊ። ከተማ የሰለቸው ሰው የአያቱን እርሻ ወርሶ ገጠር ይገባል። ታርሳላችሁ፣ ታጠጣላችሁ፣ ዓሣ ታጠምዳላችሁ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ትወዳጃላችሁ። ይህን ጌም ኤሪክ ባሮን የሚባል አሜሪካዊ ከአራት ዓመት በላይ ለብቻው ተቀምጦ ነው የሠራው። ኮዱም፣ ሥዕሉም፣ ሙዚቃውም የእሱ ነው። በ2016 ከወጣ በኋላ የጨመረባቸውን ነገሮች በሙሉ በነጻ ነው የሰጠው። ስልክ ላይም አለ። ሀቁን ለመናገር፣ «አንድ ቀን ብቻ ልጨምር» እያሰኘ ያስመሻል። ነገር ግን ስድስት ወር ብትጠፉ እንኳ ቲማቲማችሁ በተዋችሁበት ይጠብቃችኋል። በፍላሽ ከጓደኛ መቅዳት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፣ የውጭ ክፍያ ለብዙዎቻችን ቀላል እንዳልሆነም እንዲሁ። ቢሆንም አቅም ስታገኙ እንዲህ ላለው ሰው ክፈሉ። ካልከፈልነው ሜዳው ለሳጥን ሻጮቹ ይቀራል።

ፔፐርስ ፕሊዝ። ሉካስ ፖፕ በ2013 ያወጣው ነው። አርስቶትስካ በምትባል ልብ ወለድ አገር የድንበር ኬላ ላይ ፓስፖርት መርማሪ ናችሁ። የሚከፈላችሁ በትክክል ባስተናገዳችሁት ሰው ቁጥር ነው፣ ስትሳሳቱ ደግሞ ትቀጣላችሁ። ማታ ቤት ስትገቡ የቤተሰቡ ምግብ፣ ማሞቂያና መድኃኒት ይጠብቃችኋል። ባል ወረቀቱ ተሟልቶ ያልፋል፣ ከኋላው የቆመችው ሚስቱ ግን አንድ ወረቀት ይጎድላታል። ታሳልፏታላችሁ? የልጃችሁ እራትስ? ኤምባሲ በር ላይ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው፣ ወይም ውጭ አገር ሆኖ የመኖሪያ ፈቃድ የጠበቀ ሰው ይህን ጌም ዝም ብሎ አይጫወተውም። ስለ ሙስናና ስለ ሕሊና እኔ በአንድ ሴሚስተር የማልነግራችሁን በጥቂት ቀን ያሳያችኋል። መጨረሻው 20 ዓይነት ነው፣ የትኛው እንደሚደርሳችሁ የሚወስነው ሥራችሁ ነው።

ሚኒ ሜትሮ። ጊዜ ለሌላችሁ። በ2015 የወጣ የኒው ዚላንዶች ሥራ ነው። የከተማ ባቡር መስመር ትዘረጋላችሁ፣ ሰው ይበዛል፣ ጣቢያው ሲጨናነቅ ጨዋታው ያበቃል። አንዱ ዙር ከአንድ የታክሲ ሰልፍ አይረዝምም። መገናኛ ቆማችሁ ስትጫወቱት «እኔ ብሆን ይህን መስመር በየት አሳልፈው ነበር?» ማለታችሁ አይቀርም።

ፖርታል 2። በ2011 የወጣ። የምትይዙት መሣሪያ ሰው አይገድልም፣ ግድግዳ ላይ ሁለት በር ይከፍታል፤ በአንዱ ትገባላችሁ፣ በሌላው ትወጣላችሁ። ሁሉም እንቆቅልሽ ነው። ለሁለት ሰው የተሠራ ለብቻው የሆነ ክፍልም አለው፣ አንዱ ያለ ሌላው አያልፍም። ከታናሽ ወንድም ወይም ከእህት ጋር ተጫወቱት። ትጨቃጨቃላችሁ፣ ግን ተጋግዛችሁ ትጨርሱታላችሁ።

ብር የሌለው ምን ያድርግ? ሊቼስ። አንድ ፈረንሳዊ ፕሮግራመር በ2010 የጀመረው ቼዝ መጫወቻ ነው፣ የሚተዳደረው በመዋጮ ነው። ማስታወቂያ የለውም፣ ጨዋታው ውስጥ የሚሸጥ ነገር የለውም፣ ርካሽ ስልክ ላይም ይከፈታል። ከሰው ጋር ለመጫወት ኔት ይፈልጋል እንጂ አሥር አሥር ደቂቃ ይዛችሁ ትገጥማላችሁ፣ ያልቃል፣ ትዘጉታላችሁ። ነጻ ማለት እንዲህ ነው።

አሁን አንድ ተቃውሞ ይቀራል፣ እሱም እውነት አለው። ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ ዛሬ ሪያድ ናቸው፣ አንዳንዶቹ አሜሪካ፣ ሌሎቹ እዚሁ። ማታ ማታ ፐብጂ ላይ ተገናኝተው እየተሳሳቁ ይጫወታሉ፣ አንዳንዴ ከመጫወቱ ወሬው ይበልጣል። እሱን አልነካም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ግን እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የምትናፍቁት ምኑን ነው? ሰዎቹን ነው፣ የዕለቱን ሳጥን አይደለም። ስለዚህ ቀጠሮውን እናንተ ያዙት። ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት በሉና ተገናኙ፣ በሌላው ቀን ኖቲፊኬሽኑን አጥፉት። ፓስ አትግዙ። ጌሙ የመገናኛ ቦታ ይሁን እንጂ አለቃ አይሁንባችሁ።

ውጭ ያላችሁትን ደግሞ ለብቻ ልለምን። ታናሽ ወንድማችሁ «ለጌም የሚሆን ካርድ ላክልኝ» ሲላችሁ ወዲያው አትላኩ። ምን ሊገዛበት እንደሆነ ጠይቁት። ፓክ ሊከፍትበት ከሆነ በዚያው ብር አንድ የሚያልቅ ጌም ግዙለት። ፓኩ ዛሬ ተከፍቶ ዛሬ ያልቃል፣ ነገም ሌላ ይጠይቃችኋል።

እናንተም በተራችሁ አንድ አንድ ጋብዙኝ። ስሙን ብቻ ሳይሆን ስንት ሰዓት እንደሚወስድና መጨረሻ እንዳለው አብራችሁ ጻፉልኝ። የዚህ ዓመት 12ኛ ክፍሎች፣ እናንተ ፈተናው እስኪያልፍ ዝርዝሩን አስቀምጡት። ከላይ የጠቀስኳቸው ጌሞች አንዳቸውም አይቆጧችሁም፣ ስትመለሱ እዚያው ናቸው።

መልካም ክረምት!