ነፃነቱ ለስሙ ወይስ ለሥራው?

በጅቡቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1906 የታነፀው የሐሙዲ መስጊድ ለሶላት ሲከፈት፣ በዙሪያው ያለው ገበያም ለንግድ ይከፈታል። በመስጊድም ሆነ በቤተ ክርስቲያን የሚደረግ ጸሎት ግብር አይጠየቅበትም፤ ሱቅ ግን የማንም ይሁን የማን ሱቅ ነው።

ጎረቤት ኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ያወጣችው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ይህን ልዩነት ያውቅ ነበር፤ ነፃ ያደረገው ሃይማኖታዊውንና የትምህርቱን አገልግሎት እንጂ የባለቤቱን ስም አልነበረም።

ተቃዋሚዎች ታሪክ ይጠቅሳሉ፤ እውነትም አላቸው። የ1967 ዓ.ም. የመሬትና የትርፍ ቤት አዋጆች ቤተ ክርስቲያንን ርስቷንና የኪራይ ቤቶቿን ነጥቀዋታል፤ ዛሬ በብዙ ደብር የካህናቱ ደመወዝ ከምጽዋትና ከሕንፃ ኪራይ ይወጣል። ነገር ግን የተነጠቀ ርስት በካሳ ይመለሳል እንጂ በጎረቤት ነጋዴ ጫንቃ አይካካስም። አንዱ ግብር እየከፈለ፣ ሌላው በታቦት፣ በዩኒቨርሲቲ ወይም በሙት ልጆች ስም ተጠልሎ ያንኑ ዕቃ ቢሸጥ፣ ፍትሕ ጎደለ።

ስለዚህ ነፃነቱ ለመቅደሱ፣ ለመማሪያ ክፍሉና ለድሃው ማዕድ ይሁን። ከኪራይና ከሱቅ ትርፍ ለድሆች መዋሉ በመዝገብ የተረጋገጠው ይቀነስ፤ በቀረው ላይ ግብር ይከፈል። ምጽዋት በስውር ሲሰጥ ያምራል፤ ሂሳብ ግን በስውር ሲያዝ አያምርም።