ዓውደ ዓመትና የጉልበት ቁርጥማት

የዓውደ ዓመት ደስታ ለቤተ ሰብ ሁሉ የተሰጠ ነው፤ ድካሙ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው ጉልበት ላይ ይወድቃል። ይልቁንም ትንሣኤ ሲቃረብ የሰሙነ ሕማማት ስግደት፥ የቅዳሜ ሌሊት ቅዳሴና የእሑድ ማዕድ ተከታትለው ስለሚመጡ፥ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶችና አባቶች በማግስቱ ከአልጋ ለመውረድ እስኪሳናቸው ድረስ ይደክማሉ። ሕመማቸውንም የልጆቻቸው ደስታ እንዳይደፈርስ ብለው ይሸሽጉታል። ስለዚህ ዛሬ ስለዚሁ ሕመም ጥቂት ቃል ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደናል።

ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይቲስ የሚሉት ሕመም በአገራችን በጠቅላላው ቁርጥማት ተብሎ ከሚጠራው አንደኛው ወገን ነው። አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚጠብቀው ልም አጥንት ቀስ በቀስ ሲሳሳና ሲሻክር መገጣጠሚያው ይታመማል፥ ይደርቃል፥ አንዳንድ ጊዜም ያብጣል። ጠዋት ሲነሡ የሚሰማው መተሳሰር ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም፤ ሕመሙም በሥራ ይብሳል፥ በዕረፍት ይቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ዓ/ም ይህ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች በመላው ዓለም 528 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ከመቶው 60 እጅ ሴቶች ናቸው፤ ከመገጣጠሚያም ሁሉ አብልጦ የሚጠቃው ጉልበት ነው።

ብዙዎች «የእርጅና ነገር ነው፤ መድኃኒቱም መቀመጥ ብቻ ነው» ይላሉ። ይህ አሳብ ጉዳት አለው። እግር ከሥራ በራቀ መጠን ጉልበትን የሚደግፈው የጭን ጡንቻ ይደክማል፤ ጡንቻውም ሲደክም ጭነቱ በመገጣጠሚያው ላይ ይከብዳል። የሚሻለው በልክ መንቀሳቀስ ነው። በወንበር ተቀምጦ አንዱን እግር ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ፥ እስከ አምስት ቈጥሮ ማውረድ፥ ይህንንም በየእግሩ አሥር ጊዜ መደጋገም፥ በሜዳማ መንገድም ጥቂት መራመድ ይጠቅማል። ይህን ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት የጀመረ ሰው በበዓሉ ሰሞን ጥቅሙን ያየዋል።

የበዓሉም ሥራ በአንድ ቀን እንዳይከማች ያስፈልጋል። ቅቤው አስቀድሞ ይነጠር፤ ቅመሙም አስቀድሞ ይሰናዳ። ሽንኩርት መክተፍና ዶሮ መበለት በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲሠራ ጉልበትን አጥፎ ያስጨንቃልና፥ ከፍ ባለ ወንበርና በጠረጴዛ ላይ ይሁን። እንስራ ማንሣትና ጋን ማንቀሳቀስ ለጐልማሶቹ ይተው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለት ለዚህ ነው። ባለሙያዪቱ እመቤት ተቀምጣ ብታዝዝ ሙያዋ አይቀንስም፤ ልጆቿም ያን ጊዜ ከእርሷ ይማራሉ።

ስለ ስግደቱም፥ ጉልበቱ የታመመ ሰው ምን ያህል መስገድ እንደሚገባው አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ቢመካከር መልካም ነው። በረጅሙ ጸሎት ጊዜ በመቋሚያ መደገፍ የቆየ ሥርዓት እንጂ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በመንገድ ግን ምርኵዝ የሚያዘው ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው በኩል ባለው እጅ መሆኑን እናስታውሳለን። ደረጃ ሲወጡ ደኅናውን እግር፥ ሲወርዱ የታመመውን እግር ማስቀደም ይገባል።

መድኃኒትን በሚመለከት፥ እንደ ዲክሎፌናክ ያለው በጉልበት ላይ የሚቀባው ቅባት ለብዙ ሰው ይረዳል፤ ከሚዋጠውም ይልቅ ጉዳቱ ያነሰ ነው። እንደ አይቡፕሮፌን ያለውን ክኒን ግን በጾም ሆድ መዋጥ አይገባም፤ ጨጓራን ሊያቈስልና ሊያደማ ይችላልና። የጨጓራ፥ የኩላሊት፥ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይንካው። መገጣጠሚያው በድንገት ቢያብጥ፥ ቢቀላና ቢያተኵስ፥ ትኵሳትም ቢጨመርበት፥ በዓሉ እስኪያልፍ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው።

ከጾሙ በኋላ ማዕዱ ሲሰፋ ልክን ማወቅም የጉልበት መድኃኒት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2005 ዓ/ም የታተመ ጥናት፥ ከመጠን በላይ ከከበደ ሰው አንድ ኪሎ ሲቀነስ በየእርምጃው ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጭነት እንደሚወርድ አሳይቷል።

እንግዲህ የቤት ጌቶችንና ልጆችን አንድ ነገር እንለምናለን። እናት «ደኅና ነኝ፤ አትጨነቁ» ብትል በቃሏ ብቻ አትመኑ። ከመቀመጫዋ ስትነሣ ጉልበቷን በእጇ ትደግፍ እንደ ሆነ፥ ደረጃውንም ስትወርድ ግድግዳውን ትይዝ እንደ ሆነ ተመልከቱ። ይህንም ባያችሁ ጊዜ ሥራውን ከእጇ ተቀበሏት፤ ከፍ ያለውንም ወንበር በማዕዱ አጠገብ አኑሩላት።