ለሰው ዓይን የሚገዛ ካሜራ

አዲስ አበባ፣ አብነት አካባቢ ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት እያነሳ የሚኖር ወጣት ሥራው ሞቅ ማለት ሲጀምር ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ፉል ፍሬም ግዛ»፤ ትልቅ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበል ክፍል) ያለው ካሜራ ማለት ነው። ደንበኛውም ቀብድ ከመስጠቱ በፊት «ካሜራህ ምንድን ነው?» ይለዋል። «ያነሳኸውን አሳየኝ» የሚለው ጥቂት ነው። ወጣቱ ዕቁቡን አውጥቶ፣ የጎደለውን ከዘመድ ተበድሮ ቦዲውን፣ ማለትም ካሜራውን ያለ ሌንስ፣ ይገዛል። ይህ ምክር ብዙ ልጆችን ዕዳ ውስጥ እየከተተ ነውና ዝም ሊባል አይገባም።

የጨለመ ፎቶ የሚያስቸግረው ሰው መጀመሪያ ብርሃኑን ያስላ። ከጀማሪ ካሜራ ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ ዙም ተደርጎ 55 ላይ ሲደርስ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ነው፤ የኤፍ ቁጥር ባነሰ መጠን ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ይሰፋል። ከካኖን ሌንሶች ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8፣ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስፋቱ ከካኖን አነስተኛ ሴንሰር 2.6 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ማታ አዳራሽ ውስጥ ኬክ ሲቆረስ የቱ ይበልጥ እንደሚያግዝ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። እርግጥ በ1.8 ሲነሳ የቤተ ዘመድ ፎቶ ላይ የኋላው ረድፍ ይደበዝዛል። ለዚያ መፍትሔው ቀዳዳውን አጥብቦ ለማንሳት የሚያስችል ጥሩ ፍላሽ ነው፤ እሱም ቢሆን ከቦዲው ዋጋ አይደርስም።

ሻጩ የማይነግረው ሌላም ነገር አለ። ለአነስተኛ ሴንሰር የተሠሩት የካኖን ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች ፉል ፍሬም በሆነው ፋይቭ ዲ ላይ አይገጥሙም። ቦዲ የቀየረ ሰው ሌንስም ይቀይራል ማለት ነው። ካሜራ ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። በዚህ ዋጋ የተሳሳተ ግዢ በአንድ የሠርግ ወቅት ገቢ አይካስም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የፎቶ መጠባበቂያ መረሳቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ፣ በ2018 የወጣው ኢኦኤስ አርም፣ ፉል ፍሬም ሆነው ሳለ ሜሞሪ የሚያስገቡት አንድ ብቻ ነው። አነስተኛ ሴንሰር ያለው ሰቨን ዲ ማርክ ቱ ግን ሁለት ይቀበላል። ሜሞሪው ቢበላሽ ሙሽሮቹን «እንደገና ቬሎ ልበሱ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሥራ ለበዛበት ሰው ሁለተኛ ቦዲ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ትርፍ ባትሪና ሁለት ቦታ ፎቶ የሚያስቀምጥበት ሃርድ ዲስክ ይቀድማሉ። ለመርካቶ ነጋዴ ጫማና ልብስ የሚያነሳውም ሁለት መብራትና ነጭ ጨርቅ ይበቃዋል።

ፉል ፍሬም አያስፈልግም አላልኩም። በየሳምንቱ የሚከራየውና ኪራዩ የግዢውን ዋጋ ሊሞላ የተቃረበ ሰው ይግዛው። ጥፋቱ ሌንስና ፍላሽ ሳይኖር ቦዲውን ማስቀደም ነው፤ ጥፋተኞቹም ጀማሪውን በካሜራው የሚመዝኑ የሙያው ታላላቆችና ደንበኞች ናቸው።

ልጃችሁን የምትድሩ ወላጆች፣ የካሜራውን ስም መጠየቅ ተዉ። ከአንድ ሠርግ የተነሳውን በሙሉ፣ ማታ አዳራሽ ውስጥ የተነሳውን ጭምር፣ አሳየን በሉት፤ ፎቶውን ስንት ቦታ እንደሚያስቀምጥም ጠይቁት።