ትእዛዝ ሲበዛ ዱላ ይዘገያል

ከማኅበራችን አባሎች አንዳንዶቹ በየቅዳሜው ትርፍ ጊዜያቸውን ሰውተው እዚህ አሜሪካ የሚያድጉትን የወገኖቻችንን ሴቶች ልጆች ሶፍትቦል ያለማምዳሉ። ይህ ደግ ሥራ ነው፤ ምስጋናም ይገባዋል። ነገር ግን ደግ ሥራ ሁሉ ከትችት ነጻ ነው ማለት አይደለምና፥ ስለ ማለማመዱ ዘዴ ያለኝን አስተያየት ለተማሪ ጓደኞቼና ለመምህራኖቻችን ለማቅረብ እወዳለሁ።

ወደ ልምምዱ ሜዳ ብቅ ያለ ሰው የሚያየው ይህን ነው። አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ ዱላዋን ይዛ ቆማለች። አሠልጣኙ «ክርንሽን ከፍ አድርጊ!» ይላታል። ረዳቱ «ጉልበትሽን ሸብረክ!» ይላል። ከአጥሩ ውጭ የቆመው አባት «ወደ ታች ምቺ! ራስሽን አታንቀሳቅሺ!» ሲል ያክልበታል። ሌላው ደግሞ «ጢንዚዛ እንደምትጨፈልቂ አድርገሽ የኋላ እግርሽን አዙሪ!» ይላል። ኳሱ ይመጣል፤ ኳሱ ያልፋል፤ ልጅቷ ግን እጇን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ አፍ «ለምን አልመታሽም?» ብለው ይጠይቋታል። እኔ ደግሞ «በየትኛው ጊዜዋ ትምታ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም፤ በሒሳብ ሊመለስ የሚችል ነው። በሶፍትቦል ሕግ ወርዋሪዋ የምትቆምበት ርቀት ዐሥር ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑት 35 ጫማ፥ እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ላሉት 40 ጫማ፥ ከዚያ በላይ ላሉትና ለዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች 43 ጫማ ነው። አንዲት ትልቅ ወርዋሪ በሰዓት 60 ማይል ብትወረውር ኳሱ በሴኮንድ 88 ጫማ ይጓዛል፤ ስለዚህ 43ቱን ጫማ ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ለትንሿ ልጅ ኳሱ በሰዓት 40 ማይል ቢመጣ 35ቱን ጫማ ለማለፍ የሚፈጅበት 0.6 ሴኮንድ ያህል ነው። ከዚህም ላይ ዱላው ራሱ ለመዞር የሚወስደው ጊዜ ይቀነሳል። በቀረችው ቅጽበት ልጅቷ ኳሱን ማየት፥ መምታት ወይም መተው መወሰን አለባት። አምስት ትእዛዝ የሚገባበት ቀዳዳ ከቶ የለም።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው፤ የልጅ አመታት በትእዛዝ ብዛት አይቃናም። የሚቃናው አቅሟ በሚችለው ዱላ፥ በአንድ ጊዜ በሚሰጥ አንድ ምክርና ደጋግሞ በሚመጣ ኳስ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ዱላ እንዴት እንደሚሰነዘር ማወቅ ያስፈልጋል። በቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ጅራፉን የሚያስጮኸው የጫፉ ጉልበት አይደለም፤ ከትከሻ ተነሥቶ በእጀታው በኩል እየፈጠነ ወደ ጫፉ የሚደርሰው እንቅስቃሴ ነው። የሶፍትቦልም ዱላ እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የፊት እግር ይራመድና ተረከዙ መሬት ይይዛል፤ ቀጥሎ ዳሌ ይዞራል፤ ዳሌን ደረት፥ ደረትን ትከሻ ይከተላል፤ ከዚያ ክንድ፥ በመጨረሻም ዱላው ይደርሳል። አንዱ ሲቆም ፍጥነቱን ለሚቀጥለው ያስረክባል። ዳሌና እጅ በአንድ ጊዜ ከተነሡ ግን የሚያስረክብም የሚረከብም የለም፤ ልጅቷ በክንዷ ብቻ መታች ማለት ነው። ስለዚህ ስለ ክርን የሚጮኸው አሠልጣኝ ጅራፉን በጫፉ ይዞ ለማጮህ እንደሚታገል ሰው ነው።

ከተለመዱት ትእዛዞች ብዙዎቹ ደግሞ በራሳቸው ስሕተት አለባቸው። «ክርንሽን ከፍ አድርጊ» የተባለች አቅመ ደካማ ልጅ፥ ኳሱ ሲመጣ ክርኗን መጣሏ አይቀርም፤ ዱላውም ከክርኗ ጋር ወርዶ ረጅም ቀለበት እየሠራ ይመጣል። «ጢንዚዛውን ጨፍልቂ» የተባለችውም ክብደቷን ሁሉ በኋላ እግሯ ላይ ተክላ ባለችበት ትሾራለች፤ በጥሩ መቺዎች ዘንድ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላ እግር ሊቀል፥ አንዳንዴም ከመሬት ሊነሣ ይችላል። «ወደ ታች ምቺ» የሚለውማ ከሁሉ ይብሳል። በ1941 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በቤዝቦል .406 የመታው ቴድ ዊልያምስ ያስተማረው ተቃራኒውን ነው፤ ኳሱ እየወረደ ስለሚመጣ ዱላው በጥቂቱ ወደ ላይ እያለ ሊገጥመው ይገባል ይል ነበር። በሶፍትቦል ኳሱ ከዳሌ አጠገብ ስለሚለቀቅ መንገዱ ከቤዝቦሉ ይልቅ አግድም ያደላል። ቁም ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ዱላው በኳሱ መንገድ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ከቆየ መግጠሚያው ይሰፋል፤ መንገዱን ከላይ ወደ ታች ከቆረጠው ግን መገናኛቸው አንዲት ነጥብ ብቻ ናት።

ብዙ ጊዜ የምንነቅፈው የልጅቷ ጥፋት ሌላ ቦታ ምክንያት አለው። ዱላዋ የሚወርደው ስለ ከበዳት ሊሆን ይችላል። ወላጆች የተማሪ ቤት ልብስ ሲገዙ «ታድግበታለች» ብለው ሰፊውን እንደሚመርጡ ሁሉ፥ ዱላም ሲገዙ ረጅሙንና ከባዱን ያነሣሉ። ልብስ ቢሰፋ ይጠቀለላል፤ ዱላ ቢከብድ ግን መጥፎ ልማድ ያስተምራል። በዚህ አገር የዱላ ክብደት የሚነገረው ከርዝመቱ ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ 28 ኢንች ርዝመት ያለው ዱላ «አሥር ቀናሽ» ከተባለ 18 አውንስ፥ ማለት ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ልጅቷ ዱላውን በአንድ እጇ ይዛ ክንዷን አግድም ዘርግታ ለጥቂት ጊዜ ማቆየት ካቃታት፥ አሠልጣኝ ሳይሆን ሌላ ዱላ ያስፈልጋታል።

እንዲሁም ስትመታ እግሯን ከኳሱ መንገድ ወደ ውጭ የምትሸሽ ልጅ አለች። «እግርሽን ቀጥ አድርጊ» ቢሏት አትሰማም፤ እግሯን የሚያሸሸው ፍርሃት ነውና። አንድ ጊዜ በኳስ የተመታች ልጅ ብትፈራ ምን ያስደንቃል? ለጥቂት ሳምንት በስፖንጅ ወይም በቴኒስ ኳስ ቢወረወርላት ፍርሃቱ ሲለቃት እግሩም አብሮ ይመለሳል።

ሌላም ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ዓይን ነው። በ2004 ጄኒ ፊንች የተባለችው ዝነኛ የሶፍትቦል ወርዋሪ፥ በዘመኑ ከታላላቆቹ የቤዝቦል መቺዎች አንዱ የነበረውን አልበርት ፑሆልስን ኳሷን ሳይመታ አስወጥታዋለች። ፑሆልስ የአመታት ጉድለት ነበረበት የሚል ሰው አይኖርም፤ በ2022 ጨዋታ ሲያቆም 703 ሆም ራን የመታ ሰው ነው። የጎደለው ልምድ ነበር፤ ከታች የሚወረወረውን ኳስ ከወርዋሪዋ ክንድ አነሣሥ አስቀድሞ ማንበብ አልለመደም። እንግዲህ እንከን የሌለው አሰነዛዘር ያለ ዓይን ልምድ ምንም ካልፈየደ፥ ልጆቻችንን ወርዋሪ ሳያሳዩ በመስተዋት ፊት ብቻ ማለማመድ ምን ይጠቅማል? በአገራችን ገና የሚጫወት እረኛ ስለ ክርኑ ማንም ነግሮት አያውቅም፤ እሩሯን እያየ ይመታል፤ እየሳተም ይማራል።

የሚቃወሙኝ ወገኖች «ጀማሪ ካልታዘዘ ከየት ያመጣዋል?» ይሉኛል። ተቃውሞው ባዶ አይደለም። በ1998 ጋብሪኤለ ቩልፍና ጓደኞቿ ባወጡት ጥናት፥ ሰው እንቅስቃሴን ሲማር ሐሳቡን በገዛ አካሉ ላይ ከሚያደርግ ይልቅ እንቅስቃሴው በሚያስከትለው ውጤት ላይ ቢያደርግ እንደሚሻለው አሳይተዋል። ነገር ግን በ2007 ካስታኔዳና ግሬይ በቤዝቦል መቺዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፥ የተካኑት መቺዎች ከዱላው በሚወጣው ኳስ ላይ ሲያተኩሩ ሲሻላቸው፥ ያልተካኑት ግን በአሰነዛዘራቸው ላይ ሲያተኩሩ ነው የተሻላቸው። ስለዚህ ጀማሪ ስለ አካሏ ምንም አይነገራት ማለት አልችልም፤ አልልምም። ሆኖም ልብ እንበል፤ በዚያ ጥናት መቺው በአንድ ጊዜ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ማንም አምስት ነገር በአንድ ትንፋሽ አልጮኸበትም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

«እኛ ያደግነው በትእዛዝ ነው» የሚሉም አሉ። እነርሱን ወደ የኔታ እመራቸዋለሁ። በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ ዳዊት የሚደግመው ፊደልንና መልእክተ ዮሐንስን ካለፈ በኋላ ነው። የኔታ አለንጋ ቢኖራቸውም እንኳ ሀሁንና ዳዊትን በአንድ ቀን አላስተማሩም።

ተቃውሞ ብቻ አቅርቦ መሄድ አይበቃምና የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ ከማንኛውም ምክር በፊት የእያንዳንዷ ልጅ ዱላ ይመርመር፤ የከበዳት ይለወጥላት፤ መለዋወጫ እስኪገኝ እጀታውን ከፍ አድርጋ ትያዝ።

ሁለተኛ፥ በአንድ የልምምድ ቀን ለአንዲት ልጅ አንድ ነገር ብቻ ይነገራት። የሚነገራትም በተቻለ መጠን የአካል ስም ሳይሆን ሥራ ይሁን። «ዳሌሽን አዙሪ» ከማለት «ኳሱን በወርዋሪዋ ራስ ላይ አሳልፊው» ቢሏት ዳሌዋ ራሱ መንገዱን ይፈልጋል።

ሦስተኛ፥ ኳስ በሚያስቀምጠው ቋሚ ዘንግ ስንጠቀም ዘንጉን ሁልጊዜ አንድ ቦታ አንትከለው። ወደ ሰውነቷ የቀረበውን ኳስ ከፊት እግሯ ቀደም ብላ፥ የራቀውን ግን ጥቂት አዘግይታ መምታት እንዳለባት በቃል ሳይሆን በእጇ ትማረዋለች። ከዘንጉ ቀጥሎ በቅርብ ሆኖ በለስላሳው መወርወር፥ ከዚያም እውነተኛ ወርዋሪ።

አራተኛ፥ በውድድር ሰዓት ስለ አመታት መናገር ፈጽሞ ይቅር፤ «አይዞሽ» ይበቃታል። ለወላጆችም ይህ በትሕትና ይነገራቸው።

አምስተኛ፥ ልጅቷ ከመታች በኋላ «ምን ተሰማሽ?» ተብላ ትጠየቅ። ጥፋቷን ራሷ ያገኘች ልጅ እኛ በሌለንበትም ታርመዋለች።

ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ቢኖር ጥቂት ያስብበት። ሶፍትቦል በ1887 ቺካጎ ውስጥ በአንድ የጀልባ ክበብ አዳራሽ፥ በቦክስ ጓንትና በመጥረጊያ እጀታ የተጀመረ የወንዶች ቀልድ ነበር። በዚህ አገር ሴቶች በትምህርት ቤት ስፖርት እኩል ዕድል እንዲያገኙ የረዳው ሕግ በ1972 ወጣ፤ የዩኒቨርሲቲ ሴቶች ብሔራዊ የሶፍትቦል ውድድር በዛሬ መልኩ የተጀመረው በ1982 ነው። ጨዋታው በ1996 ኦሊምፒክ ገባ፤ ከ2008 በኋላ ወጣ፤ በ2021 ቶኪዮ ላይ ተመለሰ፤ ለ2028ም ለሎስ አንጀለስ ተመርጧል። ይህ በር የተከፈተው በብዙ ክርክር ነው። እኅቶቻችን በዚሁ በር ገብተው ሳለ፥ በዐሥር ዓመቷ «ክርኔም ጉልበቴም ራሴም ስሕተት ነው» ብላ ያመነች ልጅ በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ዱላውን ጥላ ብትሄድ፥ በሩን የዘጋንባት እኛው ነን።

መምህራኖቻችንም ይህን ጽሑፍ ስለ ኳስ ብቻ የተጻፈ አድርገው እንዳያልፉት እለምናለሁ። ስሕተትን በቀይ ቀለም ቆጥሮ ሃያውን በአንድ ጊዜ መመለስ በክፍል ውስጥም ያለ ነገር ነው።

በሚመጣው ቅዳሜ ወደ ሜዳ የምንወርድ ሁሉ አንድ አንድ ምክር ብቻ ይዘን እንውረድ። የቀረውን ጊዜ ኳሱን እየወረወርን እንጠቀምበት።