ለዘር የወጣን ዓሣ ማጥመድ

ክረምት ላይ አርኖና ጋርኖ ሲሞሉ የጣና ነጭ ዓሣ ሐይቁን ትቶ ሽቅብ ወደ ወንዞቹ ይወጣል። ምግብ ፍለጋ አይደለም፤ ምግቡ ሐይቁ ውስጥ አለ። የሚወጣው እንቁላል ለመጣል ነው።

መብላትና መተንፈስ ለራስ ነው። መራባት ግን ከዚህ ይለያል። ያልተራባ ዓሣ በዚህ ምክንያት አይሞትም፤ እንዲያውም ከጥልቁ ውሃ ባይወጣ ከብዙ አደጋ ይተርፍ ነበር። ግን ማንኛውም ፍጡር አንድ ቀን ይሞታል። ዝርያው የሚኖረው በሟቹ ቦታ ሌላ ሲተካ ብቻ ነው።

አተካኩ ታዲያ እንደየዝርያው ነው። ቆሮሶ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይራባል፤ እናቲቱ እንቁላሉንም ጫጩቱንም በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ነጭ ዓሣ የሚባሉት ግን ከ15 በላይ ዝርያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ወንዝ ካልወጡ አይራቡም። እንቁላላቸው ጠጠር ያለበት ንጹሕ ወራጅ ውሃ ይፈልጋል። ለመራባት የሚደርሱትም ከዓመታት በኋላ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ የወንዝ አፍ በመረብ ሲዘጋ የሚያዘው እንቁላል የተሸከመ ዓሣ ነው። አንዳንዱም ብርብራ ወቅጦ ውሃው ውስጥ ይጨምራል። ከሐይቁ መሃል አንድ ዓሣ ማውጣት አንድ ዓሣ መቀነስ ነው። ከወንዙ አፍ ማውጣት ግን የሚተካውንም አብሮ መውሰድ ነው።

«ዓሣ አጥማጁ ምን ይብላ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ክረምት ለድሃ ቤት ክፉ ወቅት ነው፤ ዓሣው ደግሞ ራሱ መጥቶ ጠባብ ቦታ ላይ ይሰበሰባል። ግን የእንፍራንዝ ገበሬም ያው ክረምት ይከብደዋል፤ ቢሆንም ለዘር ያስቀመጠውን እህል የሚበላው ሌላው ሁሉ ሲያልቅበት ነው። ዘሩን የበላ በመኸር ምን እንደሚያጭድ ያውቃልና። የዓሣውም ዘር ከዚህ አይለይም።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። አዋጅ ብቻውን ግን ወንዝ አይጠብቅም። ሐይቁ ለአጥማጁ ክፍት ይሁን፤ የወንዞቹ አፍ ግን በእነዚያ ሁለት ወራት ይከበር። ጥበቃውንም አጥማጆቹ ራሳቸው ይያዙት፤ ለዚያ ጊዜም ድጎማ ይሰጣቸው። ጠጠሩን በደለል የሚቀብረው የተራቆተ ተዳፋትም እርከን ይሠራለት። ዓሣው የራሱን ድርሻ በየክረምቱ እየተወጣ ነው፤ የሚቀረው መንገዱን መልቀቅ ነው።