ስለ ነጋዴ ሴቶች ወረትና ስለ ክልሎች ልዩነት

በአገራችን ከከተማ መንደር ጉልት አንሥቶ እስከ ገጠሩ የሳምንት ገበያ ድረስ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ እየመደበች፣ ጠላ እየጠመቀች፣ እንጀራ እየጋገረች፣ ቅቤና ወተት ተሸክማ ጎሕ ሳይቀድ መንገድ እየገባች የቤተ ሰቧን የዕለት ጉርስ የምታገኘው ሴት፣ ድካሟ በየትም አገር አንድ ሆኖ ሳለ ትርፏ ግን እንደምትኖርበት ክልል የሚለያይበት ምክንያት በጥሞና ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው። ልዩነቱን አንዳንዶች ለትጋት ማነስ፣ አንዳንዶችም ለአገሩ ልማድ ይሰጡታል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው ሀብቱ በማን ስም መጻፉ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሕግና መዝገብም የሰው ሥራ ስለ ሆኑ፣ ጉዳዩ ከአርያም የታዘዘ ይመስል በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በዘመኑ ታላቅ ሥራ እንደ ነበረ ማንም አይክድም፤ ነገር ግን ባልን የቤተ ሰቡ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ፣ የጋራውን ሀብት የማስተዳደርንም ሥልጣን ለእርሱ ይሰጥ ነበር፤ ደግሞም ከተጋቢዎቹ አንዱ ለትዳሩ ጥቅም አይበጅም ያለውን የሌላውን ሥራ ሊቃወም ይችል ነበርና፣ ይህ መብት በቃሉ ለሁለቱም የተሰጠ ቢሆንም በተግባር የሚከለከለው የማን ሥራ እንደ ነበረ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የሴቶችን እኩልነት ካወጀ በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ እነዚህን ቀንበሮች አነሣ፤ ይሁን እንጂ የቤተ ሰብ ጉዳይ ለክልሎች የተተወ ስለ ሆነ፣ አዋጁ በቀጥታ የጸናው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ ነበር። ትግራይ፣ አማራና ኦሮሚያ የየራሳቸውን ሕግ ቀድመው ሲያወጡ፣ ሌሎቹ በየጊዜያቸው ዘገዩ። ከዚህም የተነሣ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር የሚኖሩ ሁለት እኅትማማቾች፣ አንዲቱ በሀብቷ ባለ ሥልጣን፣ ሁለተኛይቱ በባሏ ፈቃድ የምታድር ሆነው ዓመታት አለፉ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች አገር አቀፍ የቤተ ሰብ ጥናቶችን አነጻጽረው እንደ ገለጡት፣ ሕጉ ቀድሞ በተሻሻለባቸው ቦታዎች ከቤት ውጭ፣ ዓመቱን ሙሉና ከፍ ያለ ሙያ በሚጠይቅ ሥራ የተሠማሩት ሴቶች ቍጥር ከሌላው ስፍራ ይልቅ ጨምሯል።

የመሬቱም ነገር እንደዚሁ ነው። የይዞታ ደብተር በመስጠት የቀደመችው ትግራይ ነበረች፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ደብተር የተጻፈው በቤተ ሰቡ ኀላፊ ስም ስለ ነበር፣ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት ስሟን ስታገኝ፣ ባለ ትዳሪቱ ግን ከመዝገቡ ውጭ ቀረች። ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ ምዝገባውን የጀመረው የአማራ ክልል የባልንም የሚስትንም ስም አስገባ፤ የሁለቱንም ፎቶግራፍ በደብተሩ ላይ ለጠፈ። ፎቶግራፉ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን በፍቺ ጊዜ ከሽማግሌ ፊት ቆማ ፊቷ በመንግሥት ወረቀት ላይ የሚታይላት ሴትና ምስክር ፍለጋ የምትንከራተት ሴት እኩል አይደራደሩም።

ልማድ ደግሞ በየአገሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ ይኸውም ከሀብቱ የሚገኘውን የዕለት ፍሬ ለሴቲቱ ትቶ፣ ሀብቱን ራሱን ለባል ማድረጉ ነው። በሶማሌ ክልል የወተት ንግድ የሴቶች ነው፤ ጅግጅጋ ገበያ ላይ የግመል ወተት የሚሸጡት እነርሱ ናቸው፤ ግመሉ ግን እንደ ደንቡ የወንድ ሀብት ነው። በጋሞ ደጋ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትላ ልቃቂት የምታደርገው ሴት ስትሆን፣ ሸማውን የሚሸምነው ወንዱ ነውና የጋቢው ዋጋ በአብዛኛው በእርሱ እጅ ይገባል፤ ለድሩና ለማጉ ያፈሰሰችው የቀናት ድካም በዋጋው ውስጥ ተሰውሮ ይቀራል። በአርሲ ነገሌ በአረቄ ማውጣት ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን እንጨቱ፣ ጌሾውና እህሉ በተወደደ ቍጥር የዛሬው ሽያጭ ለነገው ጥንስስ መግዣ ብቻ ይሆናል። እነዚህ ሴቶች ሁሉ ይነግዳሉ፤ ወረታቸው ግን ዓመት ከዓመት አያድግም፤ የሚያድገው ነገር፣ ማለት መሬቱ፣ ከብቱና ቤቱ፣ በአብዛኛው በእነርሱ ስም አልተጻፈምና። ውሃ ለመቅዳትና እንጨት ለመልቀም የሚጠፋው ሰዓት በዚህ ላይ ሲጨመር፣ ለገበያ የሚተርፈው ቀን ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይገምት።

ይህን ልማድ ለመደገፍ የሴት ስፍራዋ ምድጃ ዳር ነው ብለው በመጽሐፍ ቅዱስ የሚያመካኙ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች መጽሐፈ ምሳሌን እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ቢያነቡት፣ እዚያ የተመሰገነችው ሴት እርሻ የምትገዛና የእጇን ሥራ ለነጋዴዎች የምትሸጥ መሆኗን፣ በግብረ ሐዋርያትም የጳውሎስን ስብከት ሰምታ ቤቷን የከፈተችለት ልድያ የቀይ ሐር ነጋዴ እንደ ነበረች ባስተዋሉ ነበር።

ወደ ብድሩ ስንመጣ የመዝገቡ ነገር ጎልቶ ይወጣል። የብድርና ቍጠባ ተቋማት ሴቶችን በቡድን እያዋሱ የሰጡት ብድር ብዙዎችን ከአራጣ አበዳሪ እንዳዳናቸው ልንመሰክር ይገባናል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ለጉልት የሚበቃ እንጂ መጋዘን ለመከራየት፣ ወፍጮ ለመትከል ወይም ሠራተኛ ለመቅጠር የሚበቃ አይደለም። ከዚያ ከፍ ሲል ባንኩ ቤት በመያዣ ይጠይቃል፤ ቤቱም ብዙ ጊዜ በባል ስም ነው። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና ከባለ አክሲዮኖቹ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑት እናት ባንክ የተመሠረተው ይህን ክፍተት አይተው በተነሡ ሴቶች ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ከብት፣ ሰብልና የሥራ መሣሪያ በመያዣነት ተመዝግበው ብድር እንዲገኝባቸው ፈቀደ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ባለ ይዞታው የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያደርግ ስለ ፈቀደ፣ ቀድሞ በይበልጥ ለክርክር ጊዜ ይፈለግ የነበረው ደብተር ዛሬ የወረት ምንጭ ሆኗል። እንግዲህ ስሟ በደብተሩ ያልተጻፈ ሴት፣ ጎረቤቷ በተበደረችበት መሬት አጠገብ እያረሰች ባዶ እጇን ልትቀር ነው፤ አዲሱ መብትም በሴትና በወንድ፣ በክልልና በክልል መካከል ያለውን ርቀት ያጠበበው መስሎ ሊያሰፋው ይችላል።

ስለዚህ የክልል ምክር ቤቶች የቤተ ሰብና የመሬት ሕጎቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሚስት በአንዱ የተሰጣት መብት በሌላው እንዳይቀርባት እንዲያርሙ፣ ከመጀመሪያው ደብተር በኋላ በካርታ የሚካሄደውን ሁለተኛውን የመሬት ምዝገባ የሚያከናውኑ ሹማምንትም ሚስቲቱ ራሷ ቀርባ ሳትፈርም መዝገቡን እንዳይዘጉ አሳስባለሁ። አንተም በእጅህ ደብተር ያለህ ባለ ትዳር፣ የሚስትህ ስም በውስጡ ከሌለ፣ ሹሙ እስኪጠራህ ሳትጠብቅ ከእርሷ ጋር ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄደህ አስጽፋት።